ጋዋን የለበሰ ታማሚ

ጥያቄ፦ የሕክምና ተማሪ ድብርትና ጭንቀት ሲጸናበት ምን ማድረግ አለበት?

መልስ፦ ድብርት ለሕክምና ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። ከ43 አገሮች የተገኙ ጥናቶችን አጠቃሎ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ትንተና 27 በመቶ ያህሉ የድብርት ምልክት እንዳላቸው፣ ከእነዚህም ሕክምና የፈለጉት 16 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። መንስኤው የታወቀ ነው፦ የንባብ ብዛት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የገንዘብ ችግር፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከባድ መሣሪያ በወደቀባት ደብረ ታቦር ለሚማሩት ደግሞ የጦርነት ስጋትም አለ።

ይበልጥ የሚያሳስበው ለሕክምና መዘግየቱ ነው። ተማሪው የሚታከመው በሚማርበት ሆስፒታል ከሆነ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን በር ሲከፍት መምህሩን ወይም አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ላይ ያለ የክፍል ጓደኛውን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ይደብቃል። ራሱን ራሱ ይመረምራል፣ በጓደኛው እጅ መድኃኒት ያጽፋል። ፈተናው ይለፍ ይላል፤ ከዚያ ሲ-ቱ (ሁለተኛው የክሊኒካል ዓመት) ይለቅ፣ ከዚያ ኢንተርንነቱ። የሚያልቅ ነገር የለም! መምህሩ ያልሆነ ሐኪም እንዲያየው መጠየቅ መብቱ ነው፤ ካልተቻለም ከደብረ ታቦር ባሕር ዳርና ጎንደር ሩቅ አይደሉም። የታካሚ ምስጢር ለተማሪም ይጠበቃል።

ሌላው ጥፋት መድኃኒት ማቋረጥ ነው። የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሰቲን ለመሥራት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ይህንኑ በፋርማኮሎጂ ፈተና ላይ በትክክል የመለሰ ተማሪ በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ሲጥለው ያበሳጫል። የተሻለውም ቶሎ ያቆማል፤ መድኃኒቱ ግን ከተሻለ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ነው። ከ25 ዓመት በታች በሆኑት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ያለ ክትትል መጀመር አደገኛ ነው።

ሌላም ልማድ አለ፦ ለማንበብ ጫት፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ (አልኮል)፣ ለመተኛት ዳያዜፓም። ሦስቱም እንቅልፍ ያበላሻሉ።

ውጤት ሲወርድ «ዓይነ ጥላ ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ጸበል ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ የሚጎዳው ክኒኑን ጥሎ መሄድ ነው። «ለቀለም» (ለትምህርት) ተብሎ የሚጠጣ፣ አጤ ፋሪስ የተባለ ተክል የገባበት አብሾ ግን ቅዠትና የልብ ምት መፍጠን ያመጣል፤ ለማንም አይሆንም።

አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ጋፋት ከደብረ ታቦር በእግር ይደረስባታል። ጸጥታው ሲፈቅድ ከጓደኛ ጋር ደርሶ መመለስ ለቀላል ድብርት ይረዳል፤ ለከባዱ መድኃኒት አይተካም። ኮሌጅም ሌሊት ተረኛ የነበረን ተማሪ በማግስቱ ቢያሳርፍ ከብዙ የ«በርታ» ንግግር ይሻላል።

ሐዘን ወይም የፍላጎት ማጣት ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ከዘለቀ ሐኪም ማየት አለበት። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ግን አንድ ሌሊትም አያድርም፤ የሰማ የዶርም ጓደኛ ተማሪውን ብቻውን ሳይተው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ያድርሰው።