የሰርግ ጠጅ ስንት ይመዝናል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ለደብረ ታቦር መንገድ በሚሰጥበት ቦታ ላይ ወረታ ትገኛለች። ዙሪያዋን የሚከብባት፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ደለል ያለበሱት የፎገራ ሜዳ በሩዙ የታወቀ ነው፤ ሩዙ ከእንጀራው አልፎ ጠላው ውስጥም ገብቷል። ጠጁ ግን ዛሬም የማር ነው። ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ በከተማዋ የሚገኝ አንድ ጠጅ ቤት ጎብኝተን ነበር። በአዘቦት ቀን በብርሌ የሚቀዳበት ይህ ግቢ በሰርግ ወራት ዳስ ይጣልበታል። የሙሽሮቹ ወገኖች አስቀድመው እየመጡ ጠጁን ይቀምሳሉ፤ ቀንም ይቆርጣሉ። ይዘን የሄድነው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ጠጁ ለሰርጉ ዕለት መድረሱ በምን ይታወቃል? የጠጅ ጣይዋ እመቤት መልስ አጭር ነበር፤ «ምላስ ይበቃል፣ ልጄ።»

ምላስ በእርግጥ የሚለካው ነገር አለ። ጠላ ከእህል ስለሚጠመቅ በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ብቅል ያስፈልገዋል። ማር ግን ብቅል አይሻም፤ ያን ሥራ ንቦቹ ቀድመው ጨርሰውታል። የአበባውን ወለላ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ለውጠው ነው የሚያስረክቡን። ማሩ በውኃ ተበርዞ ጌሾ ሲገባበት እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ከ180 ግራም ስኳር 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ጋዝ ይገኛል። ስለዚህ ብርዙ ሲፈላ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ ምላስ የሚከታተለው ይህን ነው።

የፊዚክስ ተማሪ ግን ሌላ መንገድ አለው። የማር እፍግታ በአንድ ሚሊ ሊትር 1.42 ግራም ያህል ነው፤ የንጹሕ አልኮል ደግሞ 0.79 ብቻ። አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውኃ ቢበረዝ የብርዙ እፍግታ 1.084 ገደማ ይሆናል። ከባዱ ስኳር እየጠፋ ቀላሉ አልኮል ሲተካ ፈሳሹ ከቀን ወደ ቀን ይቀልላል። የወይን ጠጅ ፋብሪካዎች ይህን የሚለኩት ሃይድሮሜትር በተባለ ተንሳፋፊ መሣሪያ ነው። እኛ ግን የግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስና 1 ግራም የሚለይ ሚዛን ብቻ ይዘን ነበር። ባዶው ጠርሙስ 25 ግራም፣ በውኃ ሲሞላ 525 ግራም መዘነ። በዚያው ጠዋት የተበረዘው ሲሞላበት 567 ግራም ሆነ፤ 542ን ለ500 ስናካፍል 1.084። ለሰርግ ደርሷል የተባለውን ደግሞ ጋዙ እስኪወጣለት ድረስ ደጋግመን እያናወጥን (አረፋ ያለበት ፈሳሽ ሚዛንን ያታልላል) መዘንነው፤ 535 ግራም፣ ማለትም 1.020። የሁለቱ እፍግታዎች ልዩነት በ131 ሲባዛ የአልኮሉን መጠን በመቶኛ በግምት ይሰጣል፤ እዚህ ላይ 8.4 ከመቶ ነው፣ ሁለቱም ጋኖች በአንድ ልክ የተበረዙ ከሆነ። ሚዛናችን 5 ግራም ቢሳሳት ኖሮ ውጤቱ 1.3 ከመቶ ይዛባ ነበር። እንግዲህ የሱቅ ሚዛን ተውሶ ይህን ሙከራ የሚሠራ ተማሪ ስሕተቱንም አብሮ ይጻፍ።

አሁን ወደ ጋዙ እንምጣ፤ የጠጅ ሰርግ የሚበላሸው በእርሱ ነውና። አንድ ኪሎ ማር 800 ግራም ያህል ስኳር አለው። ስኳሩ ሁሉ ቢፈላ የሚወጣው ጋዝ በባሕር ወለል ላይ 214 ሊትር ገደማ ይሆናል። ወረታ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 80 ከመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ያው ጋዝ ሰፍቶ ከ260 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል፤ ከአንድ ኪሎ ማር 13 ጀሪካን ጋዝ ማለት ነው። በጋን ውስጥ ይህ ሁሉ በክዳኑ ዙሪያ ቀስ ብሎ ያመልጣል።

ጀሪካን ግን ጋን አይደለም። ገና ያልጨረሰ ጠጅ 19 ሊትር በ20 ሊትር ጀሪካን ተሞልቶ ክዳኑ ጠበቅ ቢደረግ፣ ከእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ስኳር (አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል!) ብቻ ቢፈላ፣ 46 ግራም ጋዝ ይፈጠራል። አብዛኛው በጠጁ ውስጥ ይሟሟል፤ ቢሆንም ጀሪካኑ ሳይለጠጥ ቢችለው የውስጡ ግፊት ከውጭው በ1.3 አትሞስፌር ያህል ይበልጣል። 25 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጎኑን የሚገፋው ኃይል ከአንድ ቶን ክብደት ይበልጣል። ከዚያ ፀሐይ ትጨመርበታለች፤ በ40 ዲግሪ ውኃ የሚያሟሟው ጋዝ በ20 ዲግሪ ከሚያሟሟው ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ትርፉ ተመልሶ ወደ ክዳኑ ይሮጣል። በእኅታችን ሰርግ ቀን፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ጀሪካን ከዳሱ በር ላይ ሲከፈት ክዳኑ የአሳላፊውን ቅንድብ ተርትሮት ነበር። ሁሉም የወቀሰው የመንገዱን ኮረኮንች ነው። ኮረኮንቹ የተሟሟው ጋዝ ፈጥኖ እንዲወጣ ያግዛል እንጂ ጋዝ አይሠራም፤ ጥፋቱ ያልቆመው እርሾና የጠበቀው ክዳን ነበር።

ከመሄዳችን በፊት ሁለት ጋኖች ላይ ውድድር ገጠምን። እመቤቲቱ ቀምሰው፣ «ይሄ ለዚህ እሑድ፤ ያኛው ሳምንት ይቀረዋል» አሉ። ሚዛኑ የመጀመሪያውን 1.018፣ ሁለተኛውን 1.042 አለ፤ ተስማማን። ሦስተኛውን ሚዛኑ «ደርሷል» ሲለው ግን እርሳቸው አንድ ጉንጭ ወስደው ተፉት፤ ሆምጥጦ ነበር። አልኮሉ ወደ ኮምጣጤነት ሲለወጥ የእኛ ሚዛን የሚያየው ነገር የለም። በሩ ላይ ባጃጅ ሁለት ጀሪካን ጭኖ ቆሞ ነበር፤ እመቤቲቱ ሄደው የሁለቱንም ክዳን ግማሽ ዙር አላሉት።