ትራክተሩ እዚያው ነበር

ልጄ፣

ከዕርዳታ ድርጅቱ ጋር የነበረሽ ኮንትራት መቋረጡን የነገርሽኝ የ2017 ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ያቆመችበት ወር ነበር። ከጋምቤላ ተነስተው በአቦቦ አድርገው ወደ ፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ የሚያልፉት የድርጅቶቹ ነጫጭ ላንድክሩዘሮች፣ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ እስክቆጥራቸው ድረስ ቀነሱ። አንቺም ሰባት ወር የዳታ ሥራ ሠርተሽ በስምንተኛው ተሰናበትሽ። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ‹‹አጎቴ፣ ይሄን የኮምፒውተር ሙያ ልተወው?›› ትይኛለሽ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አንድም ቀን አስጨርሼ አልመለስኩልሽም። ስለዚህ በቁጥር ከፋፍዬ ልጻፍልሽ።

1. የተቆረጠው በጀት ነው። አንቺ የቀረብሽ ደመወዝ ነው፤ ችሎታሽን ማንም አልወሰደውም። በ2015 ዓ.ም. ሜታ 11 ሺህ፣ ጉግል 12 ሺህ፣ ማይክሮሶፍት 10 ሺህ ሠራተኛ ለመቀነስ ወስነዋል። ያን ሁሉ ሰው ሥራ አይችልም ልትዪ ነው? የሜታው ዙከርበርግ ራሱ በኮሮና ጊዜ የመጣው ገበያ የሚቀጥል መስሎት ከልክ በላይ እንደቀጠረና ስህተቱ የእሱ እንደሆነ ለሠራተኞቹ ጽፏል። እንግዲህ ባለቤቱ ያመነውን ጥፋት አንቺ ሌሊት ሌሊት ለምን ትሸከሚለታለሽ?

2. ቀጣሪና ሥራ ይለያያሉ። ይሄን እኔ የተማርኩት በሆዴ ነው። በ1977 ድርቅ ከወሎ ወደዚህ በሠፈራ ስንመጣ ገና ልጅ ነበርኩ። ኋላ የመንግሥት እርሻ ላይ የመካኒክ ረዳት ሆንኩ፤ ቁልፍ አቀባይ ማለት ነው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ እርሻው ቆመ፣ የወር ደመወዜም እዚያው ቀረ። ሁለት ወር ሙሉ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ‹‹ያ እርሻ ተመልሶ ይከፈታል›› እያልኩ ጠበቅሁ። አንድ ቀን ባለወፍጮ መጥቶ ‹‹ሞተሬ አልነሳ አለኝ›› አለኝ። ከፈትኩት። የናፍጣ ፓምፑ አየር ስቦ ነው፤ ትራክተር ላይ መቶ ጊዜ ያየሁት ነገር። የማፍሰሻውን ብሎን ላላ አድርጌ፣ በእጅ ፓምፑ እየገፋሁ አረፋው እስኪጠፋ ናፍጣ አፈሰስኩ፣ አጠበቅሁት፣ ተነሳ። የዚያን ቀን ዱቄት ይዤ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ሄዷል፣ ማኅተሙ ሄዷል፤ ትራክተሩ ግን እዚያው ሣር በቅሎበት ቆሟል፣ ወፍጮውም ይፈጫል።

ያንቺንም እንዲሁ እይው። ድርጅቱ ቢሄድም ክልላችን ውስጥ ከ3 መቶ ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች አሁንም አሉ። ጤና ጣቢያው በየወሩ ሪፖርቱን ዲኤችአይኤስ 2 ወደሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ማስገባት አለበት። የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ አለ፣ የቴሌብር ወኪሎች አሉ። ይሄን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር ሲቆም ማን ይጠራል? ባለሙያ ከጋምቤላ ከተማ ይመጣል፣ የነዳጅና የአበል ተከፍሎት።

3. የምትጀምሪበትን ሥራ ልጠቁምሽ። ወረዳ ቢሮዎች ውስጥ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የዓመታት ደብዳቤ ተከማችቷል። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አማርኛው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። አንድ ጸሐፊ የመሬት ውሳኔ ከታተመው ወረቀት ላይ እያየች እንደገና ስትለቅም አይቻለሁ፤ ገጹ አርባ ነበር። አንቺ እንዳስረዳሽኝ እነዚያ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው የሚሠሩ ናቸው፤ ግዕዝ በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲያው የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ሰንጠረዥ አውጥተሽ የሚቀይር አጭር ፕሮግራም ጻፊ። በአንዳንዶቹ ፎንት አንድ ፊደል ከሁለት ምልክት ይገጣጠማል ብለሽኝ ነበር፤ እዚያ ላይ ትደክሚያለሽ። ሲያልቅ ግን ከማንኛውም ሲቪ በላይ ይናገርልሻል። የቢሮ ፋይል በራስሽ ፍላሽ ይዘሽ እንዳትወጪ ብቻ፤ የሰው መሬት ጉዳይ ነው።

4. ካቻቪቴ መያዝ አትፈሪ። ‹‹እኔ ፕሮግራመር ነኝ፣ ጥገና አልነካም›› የሚል ተመራቂ አቦቦ ላይ ጦሙን ያድራል። ባለፈው የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ‹‹ሞቷል›› ተብሎ መጋዘን ሊገባ ሲል ከፈትነው፤ ፓወር ሳፕላዩ ውስጥ እንሽላሊት ደርቆ ተገኘ። ፓወር ሳፕላይ ቀየርን፣ ፋኑን ከአቧራ አጸዳን፣ በዚህ ሙቀት እስካሁን ይሠራል።

5. ደረሰኝ። ቢሮ ያለ ደረሰኝ አይከፍልሽም፤ ሊከፍልሽ ቢፈልግ እንኳ ኦዲት አለበት። ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አውጪ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትደራጁ ይቀላል። ለዘመድም ዋጋሽን ከሥራው በፊት ተናገሪ፤ እኔ ከሥራው በኋላ እየተናገርኩ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

6. መንግሥት ከኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 የጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ውሰጂ፤ ነፃ ነው። ሰርተፍኬቱ የብዙ ሰው እጅ ላይ ስላለ ብቻውን አያስቀጥርሽም። ቪዲዮ የምታወርጂ ከሆነ በሌሊት ጥቅል አውርጂ።

7. ይሄኛውን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ‹‹ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ፣ ቲኬቱን እኛ እንችላለን›› የሚልሽ ሰው ቢመጣ፣ የአክስትሽ ልጅም ቢሆን፣ እምቢ በይ። በ2017 ከሚያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ከወጡት መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ታይላንድ ደህና ሥራ አለ ተብለው ሄደው ድንበር የተሻገሩ ናቸው፤ የጠበቃቸው ግን ሰው በስልክና በኮምፒውተር ማታለል ነበር፣ ያልቻለው ይደበደባል። ሥራ ባጣ ሰው ዙሪያ እንዲህ ዓይነት ደላላ አይጠፋም።

8. አዲስ አበባ ሂጂ፣ አልከለክልሽም። ግን የምታሳዪው ሥራና የሦስት ወር የቤት ኪራይ ይዘሽ።

የጤና ጣቢያው ልጅ ትናንት መጥቶ ነበር፤ የወሩ ሪፖርት አልላክ ብሎታል። ‹‹የወንድሜ ልጅ ማክሰኞ ትመጣለች›› ብዬዋለሁ፣ ሳልጠይቅሽ። በጠዋቱ መኪና ነይ። ላፕቶፕሽን ቤት ሞልተሽው ነይ፤ እዚህ መብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

አጎትሽ፣ ከአቦቦ