ትምህርት ሰባት፦ የአቃቂ ወንዝና የእኛ ሥዕል

የትምህርቱ ዓላማ፦ ልጆች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ ፍጥረትን መጠበቅ ከእግዚአብሔር የተሰጠ አደራ መሆኑን ያስረዳሉ፤ ስለ ሰፈራቸው ወንዝም በኅብረት ሥዕል ይሥላሉ።

ልጆች! የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሩቅ አገር አይደለም። በአቃቂ ቃሊቲ የምትኖሩ ልጆች በየቀኑ ስለምታዩት ስለ ወንዛችን ነው።

1. ወንዛችን ከየት ይመጣል?

አቃቂ የሚባሉት ወንዞች ሁለት ናቸው፤ ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ። ሁለቱም በሰሜን በኩል ካለው ከፍተኛ ቦታ ተነሥተው፣ አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ እኛ ይወርዳሉ። በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኙና ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባሉ። ግድቡ ከተሠራ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እንግዲህ ልጆች፣ እኛ ያለነው በግርጌ ነው። ከላይ የተጣለው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክ ሁሉ ይወርዳል። ከእኛም ሰፈር ይጨመርበታል። ከዚህ ውኃ ግን ከብት ይጠጣል፤ ጎመንም ይለማበታል።

2. አየሩስ ምን ሆነ?

የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ወደ ሰማይ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሲበዛ ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል፤ ሙቀቷም እንዳይወጣ ይይዘዋል። የሞቀ አየር ብዙ ውኃ ይሸከማል። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ዝናቡ በአጭር ጊዜ በኃይል ይወርዳል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ይቀራል።

የወንዙ መቆሸሽና የአየሩ መለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ይገናኛሉ። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ቦይ በፌስታል ከተደፈነ፣ ጎርፉ ቆሻሻውን ይዞ በወንዝ ዳር ወዳሉ ቤቶች ይገባል።

3. ድርቅ የሚደርስበት ሰው ኃጢአቱ ስለበዛ ነውን?

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ክልል ዝናብ 5 ወቅት ተከታትሎ ቀረ። እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ሳይንቲስቶች መርምረው የምድር መሞቅ ድርቁን እንዳባባሰው ገልጸዋል። አንዳንድ ሰው ግን፣ «ይህ የደረሰባቸው ኃጢአታቸው ቢበዛ ነው» ይላል። ልጆች፣ ይህ ትክክል ይመስላችኋል?

ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል፤ ሰሚዎቹንም ወደ ንስሐ ጠርቷቸዋል። (ሉቃ. 13፥4-5) ብዙውን ጭስ ያወጡት ሀብታም አገሮች ናቸው፤ ከብቱን ያጣው ግን አርብቶ አደሩ ነው። ስለዚህ በተጎዳው ላይ አንፈርድም። እንረዳዋለን፣ እንጸልይለታለን፣ የራሳችንንም ሥራ እንመረምራለን።

4. አባቶቻችን በሥዕል እንዴት አስተማሩ?

ቀድሞ ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሠዓልያን የመቅደሱን ግድግዳ በሥዕል ሞሉት። ምእመናን ሥዕሉን እያዩ ይማሩ ነበር። በብዙ የቆዩ ሥዕሎች ላይ ሁለት ነገር ታያላችሁ።

አንደኛ፣ የቅዱሳን ፊት ሁለት ዓይን አለው፤ የክፉዎች ፊት ግን በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ሁለተኛ፣ ሥዕሉን ያሠራው ሰው በግርጌ ትንሽ ሆኖ፣ ሲማጸን ይሣላል።

አባቶች ዛፍንም ጠብቀዋል። በደቡብ ጎንደር ሜዳው ተራቁቶ ሳለ፣ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ወይራው፣ ጽዱና ዝግባው ቆሞ ይታያል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ከካህናትና ከምእመናን ጋር ተመካክረው፣ ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላ በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ረድተዋል። ድንጋዩን ገበሬው ከእርሻው እየለቀመ አመጣው። እርሻው ጸዳ፤ ደኑም ታጠረ።

5. የቡድን ሥራ

ከመምህራችሁ ጋር በአንድ ሰፊ አቡጀዲ ወይም ወረቀት ላይ የአቃቂን ወንዝ በኅብረት ሣሉ።

ሀ. አስቀድማችሁ አያቶቻችሁን ወይም የሰፈር ሽማግሌዎችን ጠይቁ። «እማማ፣ በልጅነትዎ ወንዙ እንዴት ነበር? ይዋኙበት ነበርን?» በሏቸው። የነገሯችሁን በግራ በኩል ሣሉ።

ለ. በመካከል ዛሬ የምታዩትን ሣሉ። ጥቁር ከሆነ ጥቁር አድርጉት፤ አታሳምሩት።

ሐ. በቀኝ በኩል እንዲሆን የምትመኙትን ሣሉ።

አሁን አንድ ጥያቄ ይመጣል። በመካከለኛው ሥዕል ማንን በአንድ ዓይን ትሥላላችሁ? «ባለ ፋብሪካውን» ትሉ ይሆናል። ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቅ በእውነት ይበድላል። ነገር ግን ትናንት የብስኩት ላስቲክ ቦይ ውስጥ የጣለው ማን ነው? እንግዲህ ልጆች፣ ለሌላው አንድ ዓይን ከመሣላችን በፊት የራሳችንን ፊት እንመልከት።

መ. በመጨረሻ ራሳችሁን በግርጌ ትንሽ አድርጋችሁ ሣሉ። ግን እጃችሁ ባዶ አይሁን፤ አንዱ ችግኝ፣ አንዱ አካፋ፣ አንዱ መጥረጊያ ይያዝ።

6. ከሥዕሉ በኋላ

አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲሠራባትና እንዲጠብቃት ነው። (ዘፍ. 2፥15) ኖኅም ታዛዥ ነበረ፤ ነገር ግን መርከቧን በእጁ ሠራ። ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴ ጊዜ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞችና ስለ ምድር ፍሬ ትጸልያለች። ስለ ወንዝ ጸልዮ ሲወጣ ወንዙ ላይ ቆሻሻ የሚጥል ልጅ ጸሎቱን በእጁ ያፈርሳል። ሥዕል ሥሎ ዝም የሚልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ወላጆች በሚያዩት ቦታ ስቀሉ፤ በዚያው ሳምንትም በሰፈራችሁ ያለውን አንድ ቦይ ከታላላቆቻችሁ ጋር አጽዱ። ጓንት አድርጉ፤ ወንዙ ውስጥ ግን አትግቡ።

አንድ ቦይ ማጽዳት የምድርን ሙቀት አይቀንስም። ግን ክረምት ሲመጣ የጎረቤታችሁን ቤት ከጎርፍ ሊያድን ይችላል።

ጥያቄዎች

1. ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙት የት ነው?
2. ምድርን እንደ ጋቢ የሚሸፍናት ምንድን ነው?
3. በድርቅ የተጎዳን ሰው «ኃጢአቱ በዝቶ ነው» ማለት ለምን ስሕተት ይሆናል?
4. በሥዕሉ ግርጌ ራስህን ስትሥል በእጅህ ምን ያዝህ? አንቺስ ምን ያዝሽ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር