ማስተርስ በአንትሮፖሎጂ፦ ከማመልከቻው በፊት የሚሠራ ሒሳብ

በዚህ ዓምድ ስለ ግብር፣ ስለ ቪዛና ስለ አነስተኛ ንግድ መጻፍ የተለመደ ነው። የዛሬው ርእሳችን ግን ትምህርት ነው፤ ያውም አንትሮፖሎጂ። «የሒሳብ ባለሙያን ከአንትሮፖሎጂ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። የሚያገናኘን ነገር አለ። በአርችዌይና በአካባቢው ከምንኖረው መካከል ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ፣ በሶሲዮሎጂ ወይም በቋንቋ ተመርቀው ዛሬ ሚኒካብ የሚነዱ፣ ሱቅ የያዙ፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ወገኖች አሉ። የዓመቱን ሒሳብ ሲያሠሩ «ትምህርቴን ብቀጥልስ?» ብለው የሚጠይቁኝ ጥቂት አይደሉም።

መልሴ አጭር ነው። የመግቢያ መመዘኛው ብዙ ሰው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። ሰውን የሚጥለው ቀን፣ ወረቀትና ገንዘብ ነው። ሦስቱም አስቀድመው ሊሰሉ ይችላሉ። «ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ» እንዲሉ፣ ሒሳቡን አሁን እንሥራ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

አንትሮፖሎጂ ወይም ሥነ ሰብእ የሰውን አኗኗር፣ ማለትም ዝምድናውን፣ እምነቱን፣ ገበያውን፣ ሐዘኑንና ደስታውን፣ ከሰዎቹ ጋር አብሮ በመኖር የሚያጠና ትምህርት ነው። አሜሪካዊው አለን ሆበን በጎጃም፣ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቶ በ1973 መጽሐፍ አሳተመ። ቶም ቦይልስተን ደግሞ እዚሁ ለንደን በኤል ኤስ ኢ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ በጣና ዳር ዘጌ ስላሉ ምእመናን አጥንቶ መጽሐፉን በ2018 አወጣ። ይህ መጽሐፍ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ያገኘነውን ቋንቋ እነሱ እንደ ትምህርት ተምረው ነው እዚህ የደረሱት።

ከውስጥ ሆነው የጻፉም አሉ። ጆሞ ኬንያታ በ1930ዎቹ በዚያው በኤል ኤስ ኢ በፕሮፌሰር ማሊኖውስኪ ሥር ተምረው ስለ ወገናቸው ስለ ኪኩዩ የጻፉትን መጽሐፍ በ1938 አሳተሙ። በአስመራ የተወለዱት አስመሮም ለገሰ ሃርቫርድ ተምረው ስለ ቦረና የገዳ ሥርዓት በ1973 ያሳተሙት መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ስለዚህ ማኅበረሰቡን ማወቅ በዚህ ትምህርት ትልቅ ሀብት መሆኑን ልብ በሉ።

የት ይማሩታል?

ከአርችዌይ በኖርዘርን ላይን ባቡር ሳትቀይሩ ዩስተን ትደርሳላችሁ። ከዚያ በእግር የሚደረስባቸው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። አንዱ ዩ ሲ ኤል ነው። ከማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ሌላ የሕክምና አንትሮፖሎጂ ስለሚያስተምር በሆስፒታል ለሚሠሩ ወገኖች የሚስማማ ነው። ሁለተኛው በራስል ስኩዌር የሚገኘው ሶአስ ነው፤ ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ የኢትዮጵያ ጥናት ያስተማሩት በዚሁ ነው። ኤል ኤስ ኢ በሆልበርን አጠገብ፣ ጎልድስሚዝስ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን በኒው ክሮስ ይገኛሉ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ የብራና መጻሕፍት ያሉበት ብሪቲሽ ላይብረሪም ከዩስተን ሩቅ አይደለም፤ የአንባቢነት ካርዱ በነጻ ይሰጣል።

መመዘኛው ምን ይላል?

በአብዛኛው አምስት ነገር ይጠየቃል። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ ሁለት ሪፈረንስ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃና ስለ ራስ የሚጻፍ መግለጫ ናቸው። ዲግሪው በዚህ አገር ሚዛን «አፐር ሰከንድ» የሚባለው ደረጃ ወይም አቻው መሆን ይኖርበታል። የአዲስ አበባው ነጥብ ለዚህ ስንት መሆን እንዳለበት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ባወጣው ገጽ ላይ ይገኛል። በዲግሪ ማመዛዘን የታወቀው መሥሪያ ቤት ቀድሞ ናሪክ ይባል ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ስሙ ዩኬ ኢኒክ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስለሚመዝነው ሳትጠየቁ ለዚህ ገንዘብ አታውጡ።

የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በአንትሮፖሎጂ ካልሆነ አትሥጉ። ብዙዎቹ የማስተርስ ፕሮግራሞች ከሌላ ትምህርት የሚመጣውንም ይቀበላሉ። ከተመረቃችሁ 20 ዓመት ካለፈና አስተማሪዎቻችሁን ማግኘት ካልቻላችሁ፣ የአለቃ ወይም የሥራ ባልደረባ ሪፈረንስ ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

አንደኛ፦ ቀን

በዚህ አገር ተማሪ የሚከፍለው «ሆም» ወይም «ኦቨርሲስ» በሚባል ዋጋ ነው፤ ልዩነቱም እጅግ ሰፊ ነው። የትኛውን እንደምትከፍሉ የሚወስነው የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ነው። በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ለሚያመለክት ሰው የሚታየው ቀን ትምህርቱ የሚጀመርበት የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ነው። በመጸው ለሚጀምር ትምህርት ይህ ቀን 1 ሴፕቴምበር ነው። በዚያ ቀን ፈቃዱ በእጁ ያለና ከዚያ በፊት 3 ዓመት በዚህ አገር የኖረ ሰው በሆም ዋጋ ይስተናገዳል። ፈቃዱ ሴፕቴምበር 15 ቢመጣ ግን ለዚያ ዓመት ዘግይቷል፤ ስለዚህ መግቢያውን ወደሚቀጥለው ዓመት ስለ ማሸጋገር ዩኒቨርሲቲውን መጠየቅ ሳይሻል አይቀርም። ስደተኝነቱ የታወቀለት ሰው የ3 ዓመቱ ቆይታ አይጠየቅበትም።

ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ወገን ብድር አያገኝም፤ በአብዛኛውም በኦቨርሲስ ዋጋ ይጠየቃል። ሆኖም በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። ሶአስን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች «ሳንክችዋሪ» የሚባል ነጻ የትምህርት ዕድል ለእንደነዚህ ያሉ አመልካቾች ይሰጣሉ። በቅድሚያ «ቤይል 201» የሚባለውን ወረቀታችሁን አውጥታችሁ መማርን የሚከለክል ቃል እንደሌለበት ተመልከቱ። በየግል ጉዳያችሁ ምክር ስትሹ በኢሚግሬሽን አድቫይስ ኦቶሪቲ የተመዘገበ አማካሪ ወይም ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። ሳይመዘገቡ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት በሕግ ያስቀጣል።

ሁለተኛ፦ ወረቀት

ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይላካል። ከ2003 ወዲህ በወጪ መጋራት ደንብ የተማራችሁ ዕዳውን ሳትዘጉ ወረቀቱ እንደማይለቀቅ ዕወቁ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጉዳዩን የሚከታተለው በውክልና ነው፤ ውክልናው እዚህ ኤምባሲ ይረጋገጣል። በስደተኝነት የተቀበላችሁ ሰዎች ግን ወደ ኤምባሲ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃችሁን አማክሩ። ሁኔታችሁን ለዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ክፍል ጽፋችሁ በእጃችሁ ያለውን ቅጂ እንዲመለከትላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ብዙ ሰው ያጉላላሉ። አንደኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። ሐምሌ 1985 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በቅጹ ላይ ጁላይ 1993 ብሎ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው ስም ነው። በዲግሪው ላይ ያለው የስም አጻጻፍ በኢቪዛችሁ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ፣ የአባት ስም በእኛ አገር የቤተሰብ ስም አለመሆኑን የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር አያይዙ።

ሦስተኛ፦ ገንዘብ

መንግሥት ለማስተርስ የሚሰጠው ብድር በእንግሊዝ ከ2016 ጀምሮ አለ። በ2025/26 ለጀመሩ ከፍተኛው መጠን 12,858 ፓውንድ ነው። ገቢያችሁ አይመረመርም፤ ዕድሜያችሁ ግን ትምህርቱ በሚጀመርበት የትምህርት ዓመት የመጀመሪያ ቀን ከ60 በታች መሆን አለበት። ከዚህ ቀደም ማስተርስ ያለው ሰው፣ ከየትም አገር ያምጣው፣ ይህን ብድር አያገኝም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ብድሩ የሚከፈለው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለእናንተ ነው፤ በሦስት ጊዜ፣ 33፣ 33 እና 34 ከመቶ እየሆነ። የመጀመሪያው 4,243 ፓውንድ ገደማ የሚደርሰው ትምህርቱ ተጀምሮ ዩኒቨርሲቲው መመዝገባችሁን ካረጋገጠ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ቅድሚያ ክፍያ ከዚያ በፊት ሊጠይቅ ይችላል። በዚያ ላይ በአንዳንድ የለንደን ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርቱ ዋጋ ብቻውን ከብድሩ ይበልጣል። በትርፍ ጊዜ በሁለት ዓመት ለሚማር ደግሞ ብድሩ ተከፍሎ በዓመት 6,429 ፓውንድ ይሆናል። ይህን ክፍተት ምን እንደሚሞላው ከወዲሁ መታወቅ አለበት። እቁብ ያላችሁ ዕጣው ሴፕቴምበር ላይ እንዲደርሳችሁ ከሰብሳቢው ጋር መነጋገር ትችላላችሁ። የእቁብ ገንዘብ የራሳችሁ ቁጠባ እንጂ አዲስ ገቢ ስላልሆነ ግብር አይከፈልበትም፤ መዝገቡን ግን ያዙ።

የብድሩ መመለሻ ከ21,000 ፓውንድ በላይ ካለው ገቢ 6 ከመቶ ነው። አንድ የሚኒካብ ሾፌር በዓመት 27,000 ፓውንድ ቢያተርፍ፣ ትርፉ ከ21,000 የሚበልጠው በ6,000 ነው፤ የዚህ 6 ከመቶ 360 ፓውንድ በዓመት ይሆናል። በግል የሚሠራ ሰው ይህን ከግብሩ ጋር በዓመታዊው ሒሳብ ይከፍላል። ብድሩ ወለድ እንዳለውም አትርሱ። የትምህርቱን ዋጋ ከሚኒካቡ ወይም ከሱቁ ትርፍ ላይ እንደ ወጪ መቀነስ አይቻልም፤ ትምህርቱ ለያዛችሁት ንግድ አይደለምና። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የምታገኙም ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። የሙሉ ጊዜ ተማሪ፣ ልጅ እንደሚያሳድግ ያለ የተለየ ምክንያት ከሌለው፣ በአብዛኛው ድጎማው ይቋረጥበታል።

ከኢትዮጵያ ዘመድ ለሚያስመጡ

እኅት ወይም ወንድም በተማሪ ቪዛ ለማስተርስ ሲመጡ፣ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይችሉም። ለማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚዘጋጅበት በጋም የትምህርት ወቅት ነው። በግል መሥራት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ምግብ ማድረስም ሆነ በራስ ስም ሱቅ መክፈት አይቻልም፤ ስለዚህ በቅን ልብ «ሱቁን በስምሽ እናድርገው» አትበሉ። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ለማስተርስ ትምህርት የሚመጣ ሰው፣ ፕሮግራሙ የምርምር ካልሆነ፣ በአብዛኛው ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ ይዞ መግባት አይችልም። ቺቭኒንግ የሚባለው ነጻ ዕድል ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድና ከትምህርት በኋላ ለ2 ዓመት ወደ አገር መመለስን ይጠይቃል። የኮመንዌልዝ ዕድል ግን ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች አይመለከታቸውም።

ለዶክትሬት ለምታስቡ

ዶክትሬት 3 ወይም 4 ዓመት ይወስዳል፤ ከዚህ ውስጥ ከ12 እስከ 18 ወር በጥናቱ ቦታ ይኖራል። የምርምር ካውንስሎች የሚሰጡት ድጎማ ግብር አይከፈልበትም፤ በ2025/26 ዝቅተኛው 20,780 ፓውንድ ነው፣ ለንደን ላይ ይጨምራል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብድ ነገር አለ። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘ ሰው ለጥናት ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ቢሄድ ሰነዱ ለዚያ አያገለግለውም፤ ጥበቃውም እንደገና ሊመረመርበት ይችላል። ቋሚ ፈቃድ ያለውም ቢሆን፣ ለዜግነት ሲያመለክት ባለፉት 5 ዓመታት ከ450 ቀን፣ በመጨረሻው ዓመት ከ90 ቀን በላይ ከአገር መውጣቱ ያጠያይቀዋል። አንድ የጥናት ጉዞ ይህን ሁሉ ይጨርሳል። ስለዚህ ወይ ፓስፖርቱ ይቅደም፣ ወይ ጥናቱ ለንደን ላይ ይሁን።

ለንደን ላይ ደግሞ ርእስ አይጠፋም። ስለ ራሳችሁ በምትጽፉት መግለጫ ላይ «ባህል እወዳለሁ» ማለት ዋጋ የለውም፤ ጥያቄ ይዛችሁ ቅረቡ። ለምሳሌ እቁብን ውሰዱ። በባንክ ወረቀት ላይ የሚታየኝ የገባና የወጣ ገንዘብ ብቻ ነው። ያለ ውል፣ ያለ ፍርድ ቤት ሰው ሰውን እንዲያምን የሚያደርገው ምንድን ነው? ዋስ የሚሆነው ማን ነው? ለቸገረው ዕጣ የሚለቀቀው በምን ሥርዓት ነው? ይህን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ የመግቢያ ኮሚቴው ግን አያውቀውም።

የዓመቱ መርሐ ግብር

ኦክቶበር ላይ የሁለት ወይም ሦስት ዩኒቨርሲቲ ገጽ አንብቡ፤ ኮምፒውተር ከሌላችሁ የአርችዌይ ላይብረሪ አለ። ኖቬምበር ላይ ትራንስክሪፕቱን አስጀምሩ፤ ሪፈረንስ የሚጽፉላችሁንም ጠይቁ። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ መግለጫውን ጽፋችሁ አመልክቱ። የጃንዋሪ 31ን የግብር ቀን ግን አትርሱ! በጸደይ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ጨርሱ፤ የብድሩ ማመልከቻ ሲከፈት ወዲያው ሙሉ።

ማስተርስ በአንትሮፖሎጂ ሥራ ያስቀጥራል ብዬ ዋስ አልሆንም። በሙዚየም፣ በካውንስል፣ በጤና አገልግሎትና በእርዳታ ድርጅት የሚጠቀሙበት አሉ፤ ወደ ሚኒካባቸው የሚመለሱም ይኖራሉ። ስለዚህ የያዛችሁትን ሥራ ሳትለቁ በትርፍ ጊዜ መጀመርን አስቡበት። ሒሳቡ ካልወጣ አንድ ዓመት መቆየት ሽንፈት አይደለም። ከወጣ ግን ዕድሜንና የቆየ ዲግሪን ምክንያት አድርጋችሁ አትቅሩ።