የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻን ከጣቢያ ንባብ ማስላት

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ፣ ዜናው «ጥልቀቱ 10 ኪሎ ሜትር» ሲል ደጋግመን ሰምተናል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ተለክቶ የተገኘ አይደለም፤ ስሌቱ እንዳይዋዥቅ በባለሙያው የተሰጠ ነው። ምክንያቱ ስሌቱን ራስዎ ሲሠሩት ይገለጥልዎታል።

የሚፈለጉት አራት ናቸው፦ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ጥልቀትና መንቀጥቀጡ የጀመረበት ሰዓት። በእጅ ያለው ደግሞ ሞገዱ በየጣቢያው የደረሰበት ሰዓት ነው። ከውጤት ወደ መነሻ የሚሄደውን ይህን መንገድ ተመራማሪው ሉድቪግ ጋይገር በ1910 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል፤ በስፋት የተሠራበት ግን ኮምፒውተር ከመጣ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ንባቡን ይሰብስቡ። ቢያንስ አራት ንባብ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎን የስህተት ግምቱን ይጻፉ፤ ጥርት ላለ ፒ ሞገድ (ቀድሞ ለሚደርሰው) 0.1 ሰከንድ፣ ለደበዘዘ ኤስ ሞገድ (ተከትሎ ለሚደርሰው) 0.5 ሰከንድ ብለው መነሳት ይችላሉ። ብዙ ጀማሪ ይህን ይዘለዋል፤ በኋላ ግን ስሌቱን የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ነገር ያጣል።

ቀጥሎ መነሻ ግምት ይስጡ። በፒ እና በኤስ ሞገዶች መካከል ያለውን የሰከንድ ልዩነት በ8 ቢያባዙ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግርድፉ ያገኛሉ፤ 10 ሰከንድ ማለት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት በሦስት ጣቢያዎች ዙሪያ የሚሳሉት ክቦች የሚቀራረቡበትን ቦታ ይያዙ።

አሁን ከግምቱ ተነስተው ሞገዱ በየጣቢያው መድረስ የነበረበትን ሰዓት ያስሉ። ለጀማሪ ርቀቱን በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው የፒ ፍጥነት ማካፈልና በተገመተው መነሻ ሰዓት ላይ መደመር ይበቃል፤ ለኤስ 3.5 ይውሰዱ። ከተነበበው ሰዓት የተሰላውን ሲቀንሱ ልዩነቱ ይቀራል። አራቱ ያልታወቁ ቁጥሮች ትንሽ ቢነኩ የመድረሻው ሰዓት ምን ያህል እንደሚለወጥ በማትሪክስ ይደርድሩ፤ እያንዳንዱን ረድፍ ከነልዩነቱ ለስህተት ግምቱ ያካፍሉ። ፓይተን ውስጥ ኑምፓይ ያለው የትንሹ ካሬ መፍቻ እርማቱን ይሰጥዎታል። ማትሪክሱን በራሱ ግልባጭ አባዝተው አይፍቱ፤ ደካማውን ስሌት ይበልጥ ያደክመዋል። ግምቱን አርመው ይድገሙት። እርማቱ ወዲያና ወዲህ ከዘለለ ሌቨንበርግና ማርኳርት ያስተዋወቁትን ማርገቢያ ይጨምሩ።

መቼ ይቆማል? እርማቱ ከ100 ሜትር ሲያንስ። የቀሪው ልዩነት አማካይ መጠን ከንባብ ስህተቱ ጋር ከተስተካከለ በቂ ነው። ከዚያ በታች ለማውረድ ሲባል ሞዴሉን ማወሳሰብ ጫጫታን እንደ እውነት መቁጠር ነው። አንድ ጣቢያ ብቻ ሁለት ሰከንድ ካፈነገጠ መዝገቡን መልሰው ያንብቡ።

ወደ ጥልቀቱ እንመለስ። ጣቢያዎቹ ሁሉ ሩቅ ከሆኑ መነሻው ትንሽ ቢጠልቅም የመድረሻው ሰዓት እምብዛም አይለወጥም፤ ያንኑ ለውጥ የመነሻውን ሰዓት በማንቀሳቀስም ማግኘት ይቻላል። ስሌቱ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ጥልቀቱን 2፣ 5፣ 10፣ 15፣ 20 ኪሎ ሜትር ላይ እያሰሩ ሌሎቹን ሦስቱን ይፍቱና ቀሪ ልዩነቱን በግራፍ ያውጡ። ግራፉ ጎድጓዳ ከሆነ ጥልቀቱን መናገር ይችላሉ። ጠፍጣፋ ከሆነ አንዱን ቁጥር ያስሩ፤ ከጎኑም «የታሰረ» ብለው ይጻፉ። እንደ እኔ ከሆነ ይህች ቃል ከዜናው መቅረት አልነበረባትም።

በመጨረሻ ፕሮግራሙን መነሻውን እርስዎ በሚያውቁት ሰው ሠራሽ መንቀጥቀጥ ይፈትኑት። ሰዓቶቹን ሲፈጥሩ ስህተት ይጨምሩባቸው፤ ሲፈቱ ከሚጠቀሙበት የተለየ የፍጥነት ሞዴልም ይውሰዱ። በአንድ ሞዴል ፈጥሮ በዚያው መፍታት ሁልጊዜ የሚያምር፣ ምንም የማይፈትን ውጤት ይሰጣል።