ትምህርት በእናት ጀርባ ላይ ይጀምራል

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የዜማ አገር ናቸው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለማስመስከር ወደ ዙር አምባ ደቀ መዛሙርት ከሩቅ ይመጣሉ። ሆኖም ሕፃን የመጀመሪያውን ዜማ የሚሰማው ከየኔታ ሳይሆን ከእናቱ ነው።

ሕፃን በማኅፀን ሳለ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ድምፅ ይሰማል፤ ሲወለድም የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል። እናት በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ ስትል ቃሉ ይረዝማል፣ ይደጋገማል፣ ከእርምጃዋም ጋር ይስማማል። ሕፃኑም ቃል ከቃል መለየትንና ቀጥሎ የሚመጣውን መጠበቅን በዚህ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ9 ወር ሕፃናትን 15 ደቂቃ በሚወስድ የሙዚቃ ጨዋታ 12 ጊዜ አጫወቱ። እነዚህ ሕፃናት ያለ ሙዚቃ ከተጫወቱት ይልቅ የዜማውንም የንግግሩንም ምት በተሻለ ሁኔታ ሲከታተሉ ተገኙ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ፊደል የሚቆጠረው በዜማ፣ ቃልም የሚጠናው ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በመደጋገም ነውና።

ነገር ግን ዜማ ወተትን አይተካም። ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት የተራበችና ውኃ ስትቀዳ የምትውል እናት ለማዜም አቅም ታጣለች። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ የምታጠባ እናትን ሲደግፍ የልጁንም ትምህርት ይደግፋል። ማዜምም የእናት ሥራ ብቻ አይደለም፤ አባት፣ አያትና ታላላቅ ልጆችም ድርሻ አላቸው።

ዜማ ሌላም ጥቅም አለው። ሕፃኑ በድንገተኛ ድምፅ የማይደነግጥ፣ ስድስት ወር ካለፈውም በኋላ ድምፅ ወደ መጣበት የማይዞር ከሆነ የመስማት ችግር ሊኖርበት ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ አፍ የሚፈታበትን ጊዜ ያሳልፋል።

ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ለጥምቀት ሲመጡ ወላጆችና የክርስትና እናትና አባት በአንድነት ይገኛሉ። ካህናት አባቶቻችን በዚያ ቀን ጥቂት ቃል ቢያክሉ መልካም ነው፤ ለሕፃኑ በየቀኑ አዚሙለት፣ ሲያጉተመትም ዝም ብላችሁ አድምጡት፣ ከዚያም መልሱለት። የንስሐ አባቶችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ይህንኑ ይጠይቁ። ገንዘብ የማይጠይቅ ትምህርት ነውና ድሃ ነኝ ብሎ የሚቀርበት ቤት ሊኖር አይገባም።