ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር
(ለጥናት፦ ዳንኤል ምዕራፍ 1)



በየካቲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ይጀምራሉ። በዋጫ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ቤት እያመጡ የሚማሩ አሉ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከቡና ለቀማ ጋር ስለሚገጥም ከክፍል የቀሩ፣ ውጤታቸውም ዝቅ ያለባቸው አሉ። «በቃ፣ አልሆነልኝም» ብለው ደብተራቸውን የሚያስቀምጡት በዚህ ሰሞን ነው።

እንዲህ እንበላቸው፦ የዓመቱ ውጤት የሁለቱ መንፈቀ ዓመት አማካይ ነው። 44 ያገኘ ተማሪ አሁን 56 ቢያገኝ አማካዩ 50 ይሆናል። ቀላል ነው ግን አንበላቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ዳንኤል በሰው አገር የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ሦስት ዓመት እንዲማር ታዘዘ። እውቀትን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ እርሱ ግን ዓመታቱን ተቀምጦ ተማረ። ጸሎት የጥናትን ቦታ አልተካም። ብቻውንም አልነበረም፤ ሦስት ጓደኞች ነበሩት።

ስለዚህ ወላጆች በገበያ ቀን ልጆቻችንን ከትምህርት አናስቀር። ምእመናን የጸሎት ቤቱን ማታ ማታ ለጥናት እንክፈት፤ መብራትም እናዘጋጅ። የፕሮጀክት ሠራተኞች ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠኑ ወንድሞችንና እኅቶችን እንፈልግ።

ለውይይት፦
1. ከመካከላችን ደብተሩን ያስቀመጠ ተማሪ ማን ነው?
2. በዚህ ሳምንት ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ማን ነው?

ጌታ ይርዳን።